የአባ ሚዛን ሠላሳ ኪሎ

በወዳጆቻቸው ዘንድ «አባ ሚዛን» እየተባሉ የሚጠሩት መካኒክ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥቅምት ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ ሁለት ዓመት የመኪና ጥገና ሙያ ሠልጥነው በ1964 ዓ.ም. ጋራዥ ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. የጋራዡን ዕቃ ግምጃ ቤት ይመሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1988 ዓ.ም. በትርፍ ጊዜያቸው መኪና የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች ማኅበር ሊፈርስ ደርሶ ነበር። የአርባ ዓመቷ መኪና በኮምፒውተር ከምትሠራው አዲስ መኪና ጋር ስለምትሮጥ፣ የአሮጌዎቹ ባለቤቶች የሰው አቧራ መብላት ሰልችቷቸው መቅረት ጀመሩ። አባ ሚዛን ዳኛ ሆነው ሕግ አወጡ፤ ጉልበቷ የበዛ መኪና ብረት ይጫንባት። ከአባታቸው በወረሱት ውኃ ልክ ወለሉን አስተካክለው መኪናዋን ይመዝናሉ፣ ሞተሯን በማሽን ይለካሉ፣ ለትርፉ ጉልበት ከጎን ወንበሩ ሥር ብረት ያሥራሉ። ባለ አሮጌው «አነሰ»፣ ባለ አዲሱ «በዛ» እያለ ለዓመታት አናታቸውን አዞሯቸዋል። እሳቸውም «ሁለቱም ወገን እኩል ካኮረፈ ልክ ነው» ብለው ያልፉት ነበር። ከውድድር ማግስት፣ ሰኞ ሰኞ፣ ግን ከድካም ብዛት ከወንበር መነሣት ያቅታቸው ነበር።

በ2007 ዓ.ም. እሷም የምትወዳደረው ሴት ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ደረሰች። ለልጃቸው አደሉ እንዳይባል፣ ከሁሉ አስቀድመው በጠዋቱ ብርድ ሞተሯን ለኩ። የሌሎቹ ተራ የደረሰው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። ሞተር ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ሲስብ ይበረታል፣ በሙቀት ይለግማል። የእሷ መኪና የበለጠች መስላ ታየችና ሠላሳ ኪሎ ጫኑባት። በግማሽ መኪና ርዝመት ተቀደመች። ሁለት ዓመት አላናገረቻቸውም።

ስህተታቸውን ያገኙት በ2009 ዓ.ም. የድሮ ደብተራቸውን ሲያገላብጡ፣ የተለካችበትን ሰዓት አይተው ነው። በማኅበሩ ስብሰባ ፊት ቆመው ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ተናገሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሙቀቱን ሳይመዘግቡ አንድም ሞተር አልለኩም። ያን ጊዜ ያሸነፋት ተወዳዳሪ፣ በሙያው አታሚ የሆነው፣ ዋንጫውን ቤቷ ድረስ ቢያመጣላት መለሰችው። ለአርባ ሰው የተናገሩትን ለእሷ ፊት ለፊት አልነገሯትማ! ሰላምታ ጀመሩ እንጂ ያን ነገር አንሥተውት አያውቁም። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና፣ የማኅበሩ ሰዎች ብረቱ ይውረድ ቢሏት እምቢ አለች። ትርፍ ክብደት አይከለከልምና ሠላሳ ኪሎዋን ተሸክማ በየውድድሩ የመጨረሻ ሆና ስትወጣ ኖረች።

ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም አልጋ ያዙ፤ ሰውነታቸውም ቀን በቀን አለቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ትራሳቸውን ስታስተካክል «ሰው አደላ እንዳይለኝ ብዬ አንቺን በደልኩሽ፤ ይቅር በዪኝ» አሏት።

«እሺ አባባ፤ አሁን አረፍ በል» አለቻቸው። ደክሟት ነበር፤ እሳቸውም ደክሟቸው ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አረፉ።

ይህን የጻፈችው ያች ልጅ ናት። «እሺ» ያለችው ይቅር ብያለሁ ለማለት መሆኑ ገብቷቸው እንደሆነ አታውቅም። ትናንት ጋራዥ ገብታ ብረቱን ፈታ አወረደችው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከእረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ደክመው ነበርና።