የባትሪ አዳሹ የጋሽ ይደር የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በመጋቢት ወር 1956 ዓ.ም.፣ ዝናብ ሲጥል ጩኸቷ ሰው በማያደማምጥ ባለ ቆርቆሮ ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። በአራት ዓመት የሚያንሷቸው ወንድማቸው ተከተሏቸውና ሁለቱ በአንድ አልጋ፣ ራስና ግርጌ ሆነው አደጉ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። እጃቸው ወደ እንጨት አላደላም። የቤቱን ሬዲዮ ፈትተው ሲገጥሙ አንድ ብሎን ተርፏቸው፣ "ይኼስ የማን ነው?" እየተባሉ መገረፋቸውን ሲያወሩልን ይስቁ ነበር። ስለዚህ የአባታቸውን የአናጢነት ጠረጴዛ ታናሽየው ወረሱ። አባታችን በኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት አገለገሉ። በ1985 ዓ.ም. ከነርሷ እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አፈሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ጠባብ ክፍል ሱቅ አደረጓት።

በዚያች ክፍል የደከሙ የገመድ አልባ ትራፓኖ ባትሪዎችን ያድሱ ነበር። የፕላስቲኩ ቤት ሲከፈት በውስጡ አሥር የባትሪ ድንጋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰልፈዋል። "ሁሉም አልሞቱም፤ አንዱ ነው ዘጠኙን ይዞ የሚወድቀው" ይሉ ነበር። እያንዳንዱን በቴስተር ለክተው፣ የደከመውን አውጥተው፣ አቅሙ ከሌሎቹ ጋር የሚመጣጠን ፈልገው ይበይዱበታል። ከዚያ ሙሉ ቻርጅ አድርገው፣ የቮልቱን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ለጥፈውበት፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ሦስት ቀን ያሳድሩታል። ቁጥሩ ከወረደ ከድንጋዮቹ አንዱ በስውር ያፈሳል ማለት ነውና እንደገና ይከፈታል። ደንበኛ ቢቆጣም ቢለማመጥም መልሳቸው አንዲት ቃል ነበረች፦ "ይደር!" ሰፈሩም ጋሽ ይደር አላቸው።

ይህን ሥርዓታቸውን አንድ ቀን ብቻ አፈረሱ። በ2008 ዓ.ም. አናጢው አጎታችን በማግስቱ የሚያስረክቡት በር ነበረባቸው። "ወንድምዓለም፣ ባትሪ ነው ወይስ ሊጥ፣ የሚያድረው? ስጠኝ ባክህ!" አሏቸው። አባታችን ለማንም ያላሉትን "እሺ" ለሥጋ ወንድማቸው አሉ። ባትሪው በአጎታችን የእንጨት ሥራ ቤት ቻርጅ ላይ እንዳለ እሳት ተነሣ። ሰው አልተጎዳም፤ ሥራ ቤቱ ግን ከአባታቸው ጠረጴዛ ጋር ዐመድ ሆነ። አጎታችን ዐመዱ ላይ ቆመው፣ "ከእንግዲህ ወንድም የለኝም" አሉ።

ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጎዳና እየኖሩ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው መንገድ ይሻገር ነበር። አባታችን ሰው ላኩ፣ ደጅ ጠኑ፣ አልሆነም። እናታችን "ተወው፣ ይበርድለታል" ሲሏቸው፣ "እሱ ምን አደረገ? ያላሳደርኩት እኔ" ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የልብ ድካም ያዛቸው። ሐኪም ቢከለክላቸውም ከሱቃቸው አልቀሩም። ያለፈው ቅዳሜ የአጎታችን ባለቤት አንድ ያረጀ ባትሪ በፌስታል ይዘው መጡ። "እሱ ነው የላከኝ። ይደር ብሏል" አሉ። አባታችን መነጽራቸውን አወለቁና ሲጠርጉት፣ ሲጠርጉት ቆዩ።

እሑድን ሙሉ ሠሩበት። ብየዳውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። በመጨረሻ 20.6 ብለው ጽፈው ደፉ ላይ አኖሩት። ወንድ ልጃቸውንም፣ "ረቡዕ እኔው ራሴ ነኝ የምወስድለት፤ እንዳትነካብኝ" አሉት። ለዚያ ቀን የሚለብሱትን ነጭ ሸሚዝ አስተኮሱ።

ረቡዕን አላዩትም። ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በስድሳ ዓመታቸው ተለዩን።

በማግስቱ ቀኑ ሞላ፤ ልጃቸው ባትሪውን ለካው። 20.6። ጠብ አላለም። ወስዶ ሲሰጣቸው አጎታችን በወረቀቱ ላይ ያለውን የወንድማቸውን ጽሕፈት በጣታቸው ዳሰሱና፣ "አንድ ቀን፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ቀድሜ በላክሁት!" ብለው ከእሳቱ በኋላ በሠሩት ጠረጴዛ ላይ ተደፉ።

ዛሬ በፊታችሁ ያለውን ሣጥን የሠሩት አጎታችን ናቸው። ብሎኖቹ የጠበቁት በዚያው ባትሪ ነው፤ ወረቀቱ ሳይላጥ። አባታችን የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሰዋል። ደፉ ላይ የቀሩት አራት ባትሪዎችም ቀናቸው ሲሞላ ለየባለቤቶቻቸው ይደርሳሉ፤ እስከዚያው ታገሡን።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና አንድ ወንድማቸውን በሐዘን ትተው ሄደዋል። "ወንድም" የሚለው ቃል እዚህ እንዳይቀር ብለው የለመኑን አጎታችን ናቸው።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን።