ያልተነሳው የሞተር እግር

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ላስቆጣኸኝ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? የእኛን ጤና ከጠየቅክ ደህና ነን፤ ጀልባችን ግን ደህና አይደለችም። ሰላምታዬ ያጠረው ፍቅሬ ስላነሰ ሳይሆን ሆዴ ስላረረ ነው።

ሰኞ ጀልባዋን ከግቢ ወደ ሐይቁ የምናወርድበት ቀን ነበር። ስንቴ ተናግሬአለሁ! ተሳቢው ላይ ስትወጣ ፕሮፔለሩን የያዘው የሞተሩ እግር ከኋላ ቁልቁል ስለሚንጠለጠል፣ ከመንቀሳቀስ በፊት ወደ ላይ ይነሳል፤ ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ ገብቶ በገመድ ይታሰራል። ድጋፍ ከሌለው መንገዱ ሲያንገጫግጨው ቀስ እያለ ይወርዳል። በፒክአፑ ለሚጎትቷት ለአጎታችን ይህንኑ ነግሬ፣ "ድጋፉን ከአናጢው እስካመጣ ይጠብቁኝ" ብያቸው ወጣሁ። ስመለስ ግቢው ባዶ ነው።

እየሮጥኩ ገበያው በር ላይ ደረስኩባቸው። ፒክአፑ የመንገዱን ጉብታ አልፏል፤ የተሳቢው ጎማ ጉብታውን ሲወርድ የሞተሩ እግር አስፋልቱን ሲመታ በዓይኔ አየሁ። ፕሮፔለሩ ተጣመመ፣ የማርሹ ማቀፊያ ተሰነጠቀ፣ ዘይቱ መንገዱ ላይ ፈሰሰ።

ምላሴን መያዝ አቃተኝ። በገበያተኛው ሁሉ ፊት "ሽበት ብቻ! ማስተዋል የት አለ?" አልኳቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው "ረሳሁት፣ ልጄ" አሉ። መካኒኩ መለዋወጫው እስኪመጣ ጀልባዋ ውሃ አትነካም ብሏል። ዝናቡ ሳይገባ መንገደኛ የምናሻግርባቸው ሳምንታት እያየናቸው ሊያልፉ ነው።

ትናንት የአጎታችን ሚስት መጥታ ጉዱን አፈረጠችው። ለካ አልረሱም! አንተ ደውለህ "እሷ ነገር ታበዛለች፤ ለዚህች መንገድ ምን ድጋፍ ያስፈልጋል? ዝም ብለው ይጎትቷት" ብለሃቸዋል። ሳይጠሩህ አቤት፣ ሳይልኩህ ወዴት! ሽማግሌው አንተን ላለማሳጣት ጥፋቱን ለራሳቸው ወሰዱ፤ እኔም ያን ሁሉ ስድብ አወረድኩባቸው። ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ስጠይቅ፣ "ተይው፣ ሩቅ አገር ያለ ልጅ ነው፣ እንዳይከፋው" አሉኝ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። አንተ እንዳይከፋህ እሳቸው ገበያ መውጣት አፍረው ቤት ተቀምጠዋል!

ሞተሩን እኔ አሠራዋለሁ። አንተ ግን ዛሬውኑ ደውልላቸውና "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" በላቸው። በእኔ በኩል አይሆንም፤ በራስህ አፍ ይሁን።

እናታችን ጉልበቷን እያሸች ትስምሃለች። ታናሿ እህታችን ፎቶ ላክልኝ ትላለች። ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ "ኧረ አለዝቢው" ቢለኝም አልሰማሁትም፤ እሱም ሰላም ብሎሃል። ሚስትህን አጥብቀህ ሳምልኝ። አጎታችን ሰላም በይልኝ አላሉም፤ ስልካቸውን ግን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊታቸው አስቀምጠውታል።

እህትህ
ከሐይቁ ዳር፣ ከቤታችን
መጋቢት 14 ቀን