ሎውል የተወለደችው ግሪካዊት

ሎውል፣ ማሳቹሴትስ
እሑድ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1913

ለምወድህና ለማትጽፍልኝ ባሌ፣ ለላምብሮስ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከሳሌ በቀር ደህና ነኝ። ሳሉም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሱ እየበረታ ነው።

ቁጭ ብለህ ስማኝ፤ ግሪካዊት ሆኛለሁ። ከአንተ ጋር ቤተ ክርስቲያን ከገባሁባት ቀን ጀምሮ ነኝ አሉ፤ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ከሐኪሙ ነው። ደረቴን አዳመጠና፣ «ከፈትል ክፍሉ ካልወጣሽ ለዘንድሮ በረዶ ዋስ አልሆንሽም» አለኝ። ክፍሉን ታውቀዋለህ፤ ክሩ እንዳይበጠስ መስኮቱ በምስማር ተመትቷል፣ እንፋሎት ይነፋበታል። የክሩ ጤንነት በሚገባ የተጠበቀ ነው። ታዲያ የከተማው ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። ሙቅ ውኃ፣ የሚከፈት መስኮት። ብቻ የአገሩ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ሳቅሁ። ከፋብሪካው ጀርባ ተወልጄ፣ ደወሉን ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼ ያደግሁት እኔ ዜጋ ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው!

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ባልሽ የየት አገር ሰው ነው?» አለኝ።

«የግሪክ።»

«እንግዲያው አንቺም ግሪካዊት ነሽ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ግሪክ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አላውቅም!»

«እሷም አታውቅሽ ይሆናል። ሕጉ ግን ያውቅሻል።»

ሕጉ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። የውጭ ሰው ያገባች ሴት ቀለበቱን ስትቀበል አገሯን ታስረክባለች። ወንዱ የውጭ ሴት ቢያገባስ? እሷ ያንጊዜውኑ የእኛ ትሆናለች። ስለዚህ እናቴ፣ አየርላንድ ኮርክ ተወልዳ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በአገሯ ቋንቋ ካልሆነ እርግማን የማይጥማት ሴት፣ ዜጋ የነበረውን አባቴን በማግባቷ ብቻ አሜሪካዊት ናት። ስነግራት ሻርፗን አስተካክላ ወንበሯ ላይ ተኮፈሰች።

«እሰይ፣ በአገሬ እንግዳ መቀበል ደስ ይለኛል። እግርሽን ጥረጊና ግቢ» አለችኝ።

እሷ ስትመጣ ከመርከብ ወርዶ መንገድ መጀመር ብቻ ነበር። ፋብሪካው ሲርበው በሩ ወለል ይላል፤ ሲጠግብ ሕግ ይወልዳል። መጀመሪያ ቻይናዊውን ከለከሉ፣ ቀጥሎ ኪሱ የነጣውን፣ ቀጥሎ ዓይኑ የቀላውን። አንተንስ የዓይንህን ቆብ በጫማ መቆለፊያ ሜንጦ ገልብጠው አይተውህ የለ! አሁን ተራው የሚስቶች ነው፤ ቅር አይለኝም፣ ወረፋ ወረፋ ነው። ቅር የሚለኝ፣ «በጸደይ ዜግነቱን እጠይቃለሁ» ብለኸኝ ጸደይ ሳይመጣ የግሪክና የቱርክ ጦርነት መምጣቱ ነው። ባንዲራችሁን ይዛችሁ ወደ ባቡር ጣቢያው ስትሰለፉ ያጨበጨብኩትን ጭብጨባ ብትመልስልኝ ደስ ይለኛል።

አብሮህ የዘመተው ኮስታስ ተመልሷል፤ ያ ካርታ ሲጫወት የሚያጭበረብረው። ኮትህን በክንዱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ቢዛኒ ምሽግ ላይ ስንዋጋ ከጎኔ ነበር። በረዶው ላይ ወደቀ።»

«ተነሣ?»

«እህቴ…»

«ሲነሣ አላየህም እንጂ አልተነሣም ማለት አይደለም» አልኩት። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

እዚህ ላይ ሕጉ ደግነቱን ያሳያል። ባሏ የሞተባት ሴት እዚሁ ከኖረች አገሯ ይመለስላታል። ይህን የሰማች እናቴ አላስቀምጥ አለችኝ።

«በቃ፣ ሞቷል በያቸው!»

«እማዬ!»

«ምን አለበት? በሕይወት ቢመጣ እሰየው እንለዋለን። አልዓዛርም ከመቃብር ወጥቷል፤ ማን ከሰሰው?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ አንቺን ቀብሬ መኖር አልችልም።»

ዓርብ ዕለት ኮስታስን ለምስክርነት ይዤ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድኩ። ደህናው ቀሚሴ ዝናብ መትቶት ነበርና የእናቴን ለበስኩ፤ የእናቴ ልብስ ሁሉ ደግሞ ጥቁር ነው። ያ ቀና የማይል ጸሐፊ ገና ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ!

«ነፍስ ይማር፣ እመቤቴ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

እስክቀመጥ አልጠበቀም፤ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። «የሞቱበት ቀን?»

ኮስታስ አፉን ሊከፍት ብሎ አየኝ። ከጸሐፊው ኋላ መስኮቱ ተከፍቷል፤ አየሩ ንጹሕ ነው። ሳሌ መጣብኝ፤ እንደ መልስ እንዳይቆጥርብኝ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

«አልሞተም» አልኩ። «ልብሱ የእናቴ ነው።»

«ታዲያ የት ነው?»

«እየመጣ ነው። መዘግየት ልማዱ ነው፤ ለሠርጉም ዘግይቷል።»

ጸሐፊው ተመልሶ ተቀመጠና ቀና አላለም። «ቀጣይ» አለ። ኮስታስ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ። አጭበርባሪ ሲያለቅስ አያምርም።

አትቆጣኝ። ሕጉ ግሪካዊት እስካለኝ ድረስ አንተ አለህ። ያን ያህል ጠንካራ ምስክር ሌላ የለኝም። አገሬን ቢመልሱልኝ አንተን ተቀብለው ነው፤ ገበያው አልተስማማኝም። ነገ ደወሉ ሲደወል ወደ ክሬ እመለሳለሁ። እናቴ ከዓርብ ጀምሮ አላናገረችኝም፤ ግን አልጋዬን ወደ ምድጃው አስጠግታልኛለች።

ኮትህን ሰፍቼልሃለሁ። ደረቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ የፒፓህ ፍም ያቃጠላት ትሆናለች። ጀርባው ላይም በትክክል በእሷ አንጻር ሌላ አለች፤ እሷንም ሰፋኋት። ፒፓ ይዘህ አትተኛ ብዬ ስንቴ መክሬሃለሁ! በሩ አጠገብ ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ስትገባ እጅህ ያገኘዋል።

የእናንተዋም የእኛዋም እመቤታችን ተነጋግረው ይጠብቁህ። እግርህን ከብርድ፣ ጆሮህን ከኮስታስ ወሬ ይሰውሩልህ።

ሎውል የተወለደችው ግሪካዊት ሚስትህ፣
ዴሊያ