ቅዳሜህን የወሰደችብኝ ኮረብታ

ታዬ ሆዴ፣

በሞት ከተለየኸኝ ሁለተኛው መስከረም ገባ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የኩሽናውን መስኮት በስንት ጭቅጭቅ ቀየረልን። ልጃችን ማርታ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ስትነዳ እንዳንተ ከንፈሯን ትነክሳለች። የለንደኗ ሰፈራችን ኬንቲሽ ታውን ያው ናት። አንተ ትነዳው የነበረው አውቶቡስም ያው ይዘገያል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገሬን ጥዬ የተከተልኩህ እኔ፤ ቅዳሜህን የወሰደችው ያቺ ከከተማው በስተደቡብ ያለች የጠመኔ ኮረብታ። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዘህ ከርመህ፣ ባረፍክበት ቀን ጫማህን አጥብቀህ ሣሯን ልታጭድ ወደ እሷ። ስትመለስ ሱሪህ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ስለ ሰማያዊ ቢራቢሮና ንብ ስለሚመስል አበባ ታወራልኛለህ። ጥብቅ ስፍራ ነው፣ እንዲህ ያለው የትም አይገኝም ትለኛለህ። እኔስ የት እገኛለሁ እል ነበር በሆዴ።

ከእሷ የደረሰኝ ሣሯ ብቻ ነው። የታጨደው እዚያው ከበሰበሰ አፈሩ ይለማል፣ አፈሩ ከለማ ብርቅዬዎቹ አበቦች ይጠፋሉ ብለህ፣ ለእንቁጣጣሽ በጆንያ ተሸክመህ እያመጣህ ሳሎናችንን ትጎዘጉዘው ነበር። ግማሹ ደረቅ ስለሆነ በዓሉን ስናስነጥስ እንውላለን። አንተ ትስቃለህ።

ዘንድሮ ማርታ ነድታ ወሰደችኝ። ሣር ልለምን ነው የሄድኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውህ በነፃ የሚያገለግሉት ጓደኞችህ ያጭዱ ነበር፤ ሚስትህ መሆኔን ሲያውቁ ማጭዳቸውን አስቀምጠው ከበቡኝ። አንዲት ሽበታም ሴት እጄን ይዛ አለቀሰች። ከእኔ በላይ ስታለቅስልህ ደስ አላለኝም። ከዚያ ይባስ ብላ፣ እያጨድክ በአማርኛ ትዘፍን እንደነበር ነገረችኝ። ሁሉም ሥራቸውን ትተው ያዳምጡህ ነበር አሉ።

በሠርጋችን ቀን እንኳ ያልዘፈንከው አንተ? ለእኔ አፍረህ፣ ለፈረንጅና ለቢራቢሮ? ቀናሁ። ዜማው እንዴት ያለ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። አሰበች፣ አሰበችና ጠፋብኝ አለች።

እሰይ አልኩ በልቤ። መኪናው ጋ ስደርስ ግን ማልቀስ ጀመርኩ። ለካ እሷ ከረሳችው እኔም የማገኝበት የለኝም። ማርታ ምን ሆንሽ እማዬ ብትለኝ፣ አቧራው ነው አልኳት።

ይኸው ሣሩን ጎዝጉዤ ተቀምጫለሁ። የፊታችን ቅዳሜ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ። አብሬያቸው አጭዳለሁ፣ እያጨድኩም ተራ በተራ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቁራጭ ዜማ አያጣም። እኔ ጋ ያለውን ድምፅህን፣ ማርታን ስትጠራም ስትቆጣም፣ እስክሞት አልረሳውም። እነሱ ጋ ያለውንም አልተውላቸውም።

ሚስትህ አልማዝ