የሚልካ ካርድ ገና ባዶ ነው

አዳማ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሊዲ፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ሚልካም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስልክ ስለማታነሺልኝ ነው። መልእክቴን እንዳየሽው ስልኩ ራሱ ያሳየኛል፣ መልስ ግን የለም። ጎረቤታችን ቦንቱ ዕረፍቷን ጨርሳ እሁድ ወደ ዱባይ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ክረምት ላይ የትምህርት ቤቱ አጥር ከምን ደረሰ ብለሽኝ ነበር። አልቋል። ያ ንፋስ በመጣ ቁጥር ሲንኳኳ የሚውለው ቆርቆሮ ተነስቶ የብሎኬት ግንብ ቆሟል፣ የብረት በርም ተገጥሞለታል። የሰፈሩ ሰው ባጃጅ ለመያዝ በክፍሎቻችን መሃል ማቋረጡ ቀረ። አንዳንዱ ሰላምታ ነስቶኛል፤ ይንሳኝ።

ገንዘቡ በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስልሽ። ወረዳው ለአጥር የሚሆን በጀት የለኝም አለ። ደጅ ጠንቼ ጫማዬ አለቀ። በመጨረሻ ምክትል ርዕሰ መምህሬ ዲበኩሉ፣ ለትምህርት ቤቶች ደህንነት ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ እንዳለ በቴሌግራም አይቶ ነገረኝ። ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። እኔ ደግሞ እዚያ ማዶ ያለው የግል ትምህርት ቤት ካሜራ አስገጥሟል ሲባል ሰምቼ፣ ከእነሱ በምን አንሼ ነው ብዬ ካሜራ ጠየቅኩ። መብራት ሲጠፋ ካሜራው ምን እንደሚሆን አላሰብኩም። አልተቀበሉትም። የድርጅቱ ባለሙያ ፍሬሕይወት የምትባል፣ በዕድሜ አንቺን የምትሆን ልጅ ናት፤ ደውላ እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ ፀዳለ፣ ካሜራ ልጁ ሲወሰድ ያሳይዎት ይሆናል እንጂ አያስቀረውም። ለመሆኑ ልጆቹን በር ላይ ማነው የሚረከባቸው?»

ሳቄ መጣ። ማን ሊሆን ነው፣ የደረሰ ሰው ነዋ። አንቺንስ ያሳደግንሽ እንደዚያ አይደል? አንዷ እናት የሦስት ቤት ልጆች ሰብስባ ትመጣለች፤ ያልተመቻት ለጎረቤት ትደውላለች፤ ጎረቤት ደግሞ ለሚያውቀው ባጃጅ ነጂ ይነግራል። ይኼ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው እንጂ ጥፋት አልነበረም።

ግንቦት ላይ ግን የዘርፉ ልጅ ጠፋች። ዘርፉ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋው ናት፤ ከፈረቃዋ ስትወጣ ልጅቷ ቤት የለችም። ዘበኛችንን ኢተፋን ብንጠይቀው፣ አንድ ሰው መጥቶ ልጅቷ «ጋሼ» ብላ እጁን ያዘችው፣ ጋሼ ካለችው ዘመድ ነው ብዬ ለቀቅኳት አለ። ምን እለዋለሁ? እኔም ብሆን እለቃት ነበር። ፖሊስ ጋ ሄድን፣ በየሰፈሩ ዞርን፣ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አስነገርን። ሲመሻሽ ፀጉሯ እንደረጠበ እየሳቀች መጣች። ጎረቤቷ ከገዛ ልጆቹ ጋር ሶደሬ ወስዶ ሲያስዋኛት ውሏል፤ ለማን ልናገር ነበር ሲል እሱም ከልቡ ተገርሟል። ዘርፉ አልተቆጣችም፣ አላመሰገነችም፤ አቧራው ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ማመልከቻውን እንደገና ጻፍኩት። ግንብና በር፣ ከዚያም ካርድ። እያንዳንዱ ልጅ በር ላይ የሚቀመጥ ካርድ ይኖረዋል፣ የሁለት ሰው ፎቶ ይለጠፍበታል። የመጀመሪያው ወላጅ ነው፤ ሁለተኛው ያ ወላጅ የመረጠው ሰው። ካርዱ ላይ የሌለ ሰው ፓስተርም ቢሆን ልጅ ይዞ አይወጣም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ድርጅቱ ወደደው። የእድሩ ወንዶች መሠረቱን ቆፈሩ፣ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩት ወላጆች በዕረፍት ቀናቸው ብሎኬት ተሸከሙ። ፍሬሕይወት ኅዳር መግቢያ ላይ መጥታ ካርዶቹ በሥራ ላይ መዋላቸውን ስታይ የቀረው ክፍያ ይለቀቃል፤ ግንበኞቹም እሱን ነው የሚጠብቁት።

የሁሉም ልጅ ካርድ ሞልቷል፣ ከሚልካ በስተቀር። የእሷን እኔው በስሜ እሞላዋለሁ፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ አቆይቼው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልጆች ሲለቀቁ ኢተፋ ቢሮዬ መጣ።

«አዴ ፀዳለ፣ አንድ ሰው ካርድ የለውም ብዬ አቁሜዋለሁ» አለኝ። «ግን ሚልካ አባቢ ብላ ሮጠች።»

ይትባረክ ነው። በጅቡቲ መስመር መኪና ይዞ እንደወጣ የቀረው ይትባረክ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የሚልካን የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«እትዬ፣ ሊዲ ናት የላከችኝ» አለኝ። «በጥር ስትመጣ ቢሾፍቱ ነው የምንገባው። ቤት ተከራይቻለሁ።»

ልጆችና ወላጆች ፊት ውሸታም አልኩት። ይኼኔ ሚልካ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ፣ «እማማ፣ እውነቱን ነው። እማዬ ለእማማ እንዳትነግሪ ስላለችኝ ነው» አለችኝ።

ሊዲዬ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን ጌታ ያውቃል። ለካ ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት የምትገባው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ከእናቷ ጋር እንደ ልቧ ታውራ ብዬ በሩን እዘጋላት ነበር። ይቅር በማለትሽ አልተቀየምኩም፤ ባልሽ ነው። የተቀየምኩት ያቺን የምታህል ልጅ ምስጢር ስላሸከምሻት ነው። አፌን ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አፌ ክፉ ነው፣ እሱ ጥሎሽ ሲሄድ ያልተናገርኩት ነገር የለም። አሁን ግን ክፉ ቃል ሳይሆን ስጋት ነው አፌ ላይ ያለው። እንደገና ጥሏችሁ ቢሄድስ? ማታ ማታ ስታስል ጀርባዋን እንዴት እንደማሻት ያውቃል? ቢሾፍቱ ቅርብ ነው ትዪኝ ይሆናል። ቅርብ ነው፤ ጠዋት ስነሳ ግን አልጋው ባዶ ነው የሚሆነው።

ከአንቺ እስክሰማ በሩን እንዳይከፍትለት ለኢተፋ ነግሬዋለሁ። ይትባረክ በየቀኑ ይመጣና ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል። ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ሚልካ በብረቱ መሃል እጇን አውጥታ ስታውለበልብለት ግን አልከለክላትም።

ያለው ነገር ውሸት ከሆነ ከቆንስላው ውክልና ላኪልኝ፣ በስምሽ እኔ እረከባታለሁ። እውነት ከሆነ ደግሞ ስሙን መጀመሪያው ቦታ ላይ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ዘርፉ ባለፈው የገዛ እናቷን ብትልክ፣ ካርዱ ላይ የሉም፣ ደንብ ነው ብዬ አሮጊቷን ከነዱላቸው መልሻቸዋለሁ። ለሌላ ሰው ልጅ ያወጣሁትን ደንብ ለራሴ ልጅ ስል ማጠፍ አልችልም፣ ዓይኔን ጨፍኜም አልችልም።

ሁለተኛውን ሰው የሚመርጠው ወላጅ ነው። ማንን እንደሚያስገባ በመጣበት ዕለት ጠይቄው እህቴን አለኝ። አንቺም ወላጅ ነሽ ሊዲዬ። እባክሽ ደውዪለትና እናቴን አስገባት በዪው። ራሴ ለምኜው እምቢ ቢለኝ እቆጣለሁ፤ እሺ ቢለኝ ደግሞ ደጁ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ፣ አስተማሪዎቹ ያዩኛል።

ሥራሽን ጌታ ይባርክልሽ፣ የሰው አገር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም አምጥቶ ከልጅሽ ጋር ያገናኝሽ። በየትኛውም ቤት ግቢ፣ ቤትሽን በፍቅር ይሙላው።

እናትሽ ፀዳለ

ለካርዱ ሁለተኛ ቦታ የሚሆነውን ፎቶ ትናንት ተነስቼዋለሁ። መልስሽ እስኪመጣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።