ሞተሩ አይመጣልህም

ወንዱ፣

«ውድ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። «ሞተሩን በአይሱዙ ጭነሽ ላኪልኝ» ስትለኝ ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት ምላሴን ስለፈራሁት ነው። ወላሂ፣ ያን ሰዓት ከአፌ የሚወጣውን ሰይጣንም አይስማው! አሁን በወረቀት ልንገርህ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ገዢ አግኝተሃል። ሰውየው የእንግሊዙን ላንድሮቨር የሚፈልገው ከነአሜሪካ ሞተሩ ነው፣ «ታሪክ ስላለው» አልክ። ታሪኩን ማን ነገረው? አንተ! አዲስ አበባ፣ የድሮ መኪኖች ትርኢት ላይ ማይክ ይዘህ ስትንቀባረር ቪዲዮህን አይተነዋል። «አባቴ ብቻውን የአሜሪካ ሞተር ገጥሞለት የግሸንን ተሳላሚ ያመላልስበት ነበር» ስትል አባዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማ ነበር። ሲያልቅ ምን አለኝ መሰለህ?

«እስኪ ድገሚው ፈዲላ፣ ስሜ አምልጦኝ ይሆናል።»

ደገምኩለት። ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና ለሶላት ተነሳ።

ረስተህ ከሆነ ላስታውስህ። አባትህ ጋሽ ሽታው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ውኃ ሳይጨምሩ የአምባሰልን ዳገት ወጥተው ሞተሩን አቃጠሉት። ላንድሮቨሩ ግቢያችሁ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆነ። በደርግ ጊዜ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? የእኔ አባት ደግሞ የተገለበጠ የአሜሪካ ጭነት መኪና ነበረው፤ ቦዲው ጭምድድ ብሎ ሞተሩ ብቻ የተረፈ። «አብደላ፣ አንተም አንድ በሬ፣ እኔም አንድ በሬ፤ ለምን አንቀናጅም?» አሉት። ገበሬ በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር ጠምዶ በተራ እንደሚያርሰው መኪናውን መቀናጆ አደረጉት። ቦዲው የእናንተ፣ ሞተሩ የእኛ። በመስከረም የግሸንን ሰው፣ በመውሊድ የእኛን ሰው ሲያመላልሱ ኖሩ። አንተም እኔም የተማርነው በዚያ መኪና ገቢ ነው።

ጋሽ ሽታው ሲሞቱ መጣህ። ድንኳኑ ሳይነሳ ሞተሩን አስነቅለህ ቦዲውን ጫንክ። «ኦሪጂናሉን አስገባለታለሁ፤ ይሄን ቁራጭ ብረት ለቆራሌው ስጡት» አልክ፣ አባዬ ፊት! ምን ቢነካህ ነው? አባዬ ሞተሩን ዝናብ እንዳይመታው ሸራ አለበሰው። እኔ ግን ያን ቀን ጠላሁህ፤ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም።

ሞተሩ አሁን ሐይቁ ዳር ነው። ወንድሜ ሐቢብ ከፓምፕ ጋር ገጥሞት የእኛን ሽንኩርት ያጠጣል፤ ጎኑ ያለውን የእናትህንም ማሳ ያጠጣል። እናትህ እትዬ ተሻለች ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ይሰሙና «ሽታው መጣ» ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አንተ ከደወልክላቸው ስንት ጊዜህ ነው?

የጠየቅኸውን ለአባዬ ነገርኩት። «የሽታው ልጅ አይደል? ስጪው» አለኝ። እንዲህ ነው አባዬ፣ አንጀቴን ያሳርረዋል! አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅምና እያረርኩም ቢሆን ልልከው ነበር። ሐቢብም መፍታት ጀምሮ ነበር። እናትህ ግን ሰምተው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ሞተሩ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እመብርሃንን! ሽታውና አብደላ የተቀናጁትን የእኔ ልጅ አይፈታውም» አሉ። «ቁራጭ ብረት ነው ብሎ የለ? ቁራጭ ብረት ምን ሊያደርግለት ነው? ጻፊለት ልጄ!»

አባዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

ስለዚህ አይመጣልህም። ሞተሩን ከፈለግህ ቦዲውን ይዘህ ሐይቅ ድረስ ና። ገዢህን እዚያው ተወው። መጀመሪያም አባዬን በስሙ ጠርተህ፣ እዚያ ማይክ ላይ እንደጮህከው ጮክ ብለህ፣ ይቅርታ በለው። ካልሆነ እግርህን እዚህ እንዳላይ።

ፈዲላ አብደላ
ከሐይቅ

ከስሜ ስር ያለውን ጥቁር የጣት አሻራ ቀለም እንዳይመስልህ። ቀለም አጥተን አውራ ጣታቸውን የነከሩት የሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። እናትህ ናቸው።