አቮካዶዎቹ አልተቆረጡም

ለውድ ወንድሜ ሙከሚል፤ ደርባን

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን አለህልኝ ጋሼ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ሲጠዘጥዝህ የነበረው ተሻለህ ወይስ አሁንም የሱቁን ካርቶን የምታነሳው አንተው ብቻ ነህ? ባለቤትህ ሳሌሃ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ፎቶ ላይ ሳያቸው ትልቁ ትከሻህ ላይ ደርሷል፤ ዓይን አያግባቸው። ሰፈራችሁስ ሰላም ዋለ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እናታችን ጤናዋ ሙሉ ነው፤ ዘንድሮማ እንሴኖ ገበያ ከሁላችንም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ነገር ግን አንዴ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንዴ ደንበኛ ይገባብሃል፣ ወሬያችን ሁልጊዜ ከወገቡ ይቀራል። ይህ ወሬ ደግሞ ከወገቡ እንዲቀር አልፈልግም። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

አምና ያልከኝን አልረሳሁም። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ የተከላቸው አቮካዶዎች ፍሬያቸው ከሥራቸው እየበሰበሰ ነው፤ ነጋዴው ትልልቁን ለቅሞ ትንሹንና ጠባሳ ያለበትን ትቶት ይሄዳል፤ ስለዚህ ይቆረጡና ጫት ይተከል ብለህ ነበር። አልፈረድኩብህም፤ ጎረቤታችን አብዱልሃፊዝም ግማሹን ቆርጦ ጫት ተክሏል። እኔ ግን አንድ ዓመት ስጠኝ ብዬ ለመንኩህ። አንተም እየሳቅህ፣ "እሺ፣ አንድ ዓመት። ከዚያ በኋላ ግን ቅባት ምናምን እንዳትዪኝ" አልከኝ። ይኸው ዓመቱ ሞላ፤ እኔም ስለ ቅባት ልነግርህ ነው።

ሩቲን ታስታውሳታለህ፤ የመምህር ዑራኤል ልጅ፣ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተማረችው። በኬሚስትሪ ተመርቃ ከወልቂጤ ስትመለስ ሥራ አጥታ ቤት ቁጭ ብላ ነበር። ነጋዴው የጣለውን አቮካዶ አብረን ለቀምን፤ ልጠን ፈጨነው፣ በሰፌድ ላይ ስስ አድርገን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ ሲደርቅ በጨርቅ እየጨመቅን ዘይቱን አወጣን። እጃችን እስኪዝል ጨምቀን የምናገኘው ከፊንጃል አያልፍም ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ብየዳ ቤት ያለው ካሳሁን ድካማችንን አይቶ ከአሮጌ የመኪና ክሪክ መጭመቂያ ሠራልን። ያ ክሪክ በዘመኑ ስንት መኪና እንዳነሳ አላውቅም፤ እኛን ግን አነሳን። ዘይቱን ከእምድብር በኩል በሚመጣ የንብ ሰም አርግተን ቅባት አደረግነው፤ ከተረፈው ሳሙና ሠራን።

እናታችን መጀመሪያ አፍንጫዋን ይዛ ነበር። "የሚበላን ነገር ገላ መቀባት ነውር ነው" አለች። ሩቲም ፈጠን ብላ፣ "እማማ፣ ቅቤስ አይበላም እንዴ?" አለቻት። እናታችን ሳቀች፤ እየሳቀችም እጇን ዘረጋች። ያ እንሰት ሲፍቅ የኖረ እጇ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ አንተ ታውቃለህ። ቀብታ ሰነበተች። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ቅባቱን ለምና ሳይሆን ነጥቃኝ እንሴኖ ሄደች፤ እጇን ለሴቶቹ እያሳየች ሸጣ ተመለሰች።

እንዲህ ስልህ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ክረምቱ መጣ። ፀሐይ ጠፋች፣ ያሰጣነው ሁሉ ሻገተ፣ አንድ ጊዜ የሠራነው ቅባት በሙሉ ሸተተ። ወልቂጤ የሸጥንላት ሴት ብልቃጡን ይዛ እኛ ድረስ መጣች። አልተከራከርናትም፤ የሸጥነውን ሁሉ እየዞርን ሰብስበን አዲሱን የእሷንም ጭምር እየቤታቸው አደረስን፤ በእጃችን የነበረው ገንዘብ አለቀ። ሩቲ አልቅሳለች፤ እኔ ደግሞ ያንተ ሳቅ እየተሰማኝ አንገቴን ደፍቼ ሰነበትኩ።

ማርቲ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ማርቲ አዲስ አበባ የመዋቢያ ዕቃ ሱቆች ያሏት ሴት ናት። ቅባታችንን ሰው ጋ አይታ ወዳዋለች። የምትሠሩትን ሁሉ ልውሰድ፣ ቅድሚያም ልክፈል አለችን፤ ግን በፕላስቲክ ቲዩብ ይታሸግ፣ ፊት የሚያቀላ ነገርም ይግባበት። "ሴቱ የሚፈልገው መቅላት ነው፤ እኔ ገበያውን አውቀዋለሁ" አለች። ጋሼ፣ አልዋሽህም፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። ሩቲም ትርፉን ማስላት ጀምራ ነበር። መልሱን የሰጠችው እናታችን ናት። የአክስታችን ልጅ ዘይባ ሙሽራ ሆና ፊቷ በማቅያ ቅባት ተላጦ እንዴት ተሸፋፍና እንደወጣች አንተ እዚህ ስላልነበርክ አላየህም። እናታችን በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "የዘይባን ፊት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይሄ ነገር ከዚህ ግቢ አይወጣም" አለቻት። ማርቲ ቦርሳዋን አንስታ፣ "እንግዲያው በቅጠል ጠቅልላችሁ ለገበሬ ሽጡ" ብላ ሄደች።

ሩቲ ያን ስትሰማ እንባዋን ጠረገችና፣ "እውነቷን ነው እኮ፣ ለምን በቅጠል አንጠቀልልም?" አለች። እናቶቻችን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ገበያ ሲያወጡ አይደል የኖሩት? ሳሙናውን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቀለልነው፣ በቃጫ አሰርነው። ካሳሁን ከፈረሰ ቤት የወጣ የመስኮት መስታወት ገዝቶ በክረምትም የሚያደርቅ ቤት ሠራልን፤ ዳመና ሆኖ እንኳ ውስጡ ይሞቃል። ባዶ ብልቃጥ ለሚመልስ ሰው ዋጋ ቀነስን። ልጣጩን ብስባሽ አድርገን ለዛፎቹ መለስን። ዘሩን አድርቀን ስናነድደው ከሰል መግዛት ቀረ። በከንቱ የሚወጣ ነገር ከግቢያችን ጠፋ።

አሁን ደግሞ እናታችን የደበቀችህን ልንገርህ። መስከረም ላይ ዓመቱ ሲሞላ ዛፍ ቆራጩን ሙስተፋን ቁረጣቸው ብለህ ልከኸው ነበር አይደል? መጋዙን ይዞ መጣ። እናታችን በር ላይ ተቀብላ፣ "ልጄ፣ ፍሬው ገና ነው፤ ሲያልቅ ና" አለችው። ፍሬው ሲለቀም ተመልሶ መጣ። "አበባ ይዟል እኮ፣ አበባ ያለው ዛፍ ይቆረጣል?" አለችው። ሦስተኛ ሲመጣ አበባው ፍሬ ሆኗል። ሙስተፋም ገብቶት ሳቀና መጋዙን ግድግዳችን ላይ አስደግፎ ከእኛ ጋር አቮካዶ መልቀም ጀመረ። ዛሬ ከፍ ያሉትን ቅርንጫፎች ወጥቶ የሚለቅመው እሱ ነው። እባክህ አትቆጣው።

ኅዳር ላይ ወልቂጤ ባዛር ነበር። ናሙናችን ተመርምሮ ፈቃድ አግኝተን ስለነበር ደረታችንን ነፍተን ሄድን። ጋሼ፣ ያን ቀን ብታይ! ያቺ ብልቃጥ ይዛ መጥታ የነበረችው ሴት እህቶቿን አስከትላ ፊተኛዋ ሆና ተሰልፋለች። ለማያውቀን ሁሉ፣ "እነዚህ ሲበላሽባቸው ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጥተው የቀየሩልኝ ናቸው" እያለች ስትናገር እኛ ምንም ማስታወቂያ አላስፈለገንም። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ያመጣነው አለቀ። ሩቲ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ዘፈነች፤ አባቷ መምህር ዑራኤል ኮታቸውን አውልቀው እስክስታ ወረዱ።

ማርቲ ከዚያ በኋላ ራሷ ተመልሳ መጣች። ተረከዘ ረጅም ጫማዋ ብስባሹ ውስጥ እየገባ እናታችን ፊት ቆመችና፣ "እማማ፣ ደንበኞቼ በቅጠል የተጠቀለለውን አምጪ ብለው አስጨነቁኝ" አለች። እናታችን ክትፎ በቆጮ አቀረበችላት እንጂ አንድ ቃል አልወቀሰቻትም። እኔ ግን በልታ እስክትጨርስ ጠብቄ ሁኔታችንን ነገርኳት፦ ማቅያ የለም፣ ፕላስቲክ የለም፣ ባዶው ብልቃጥ ካልተመለሰ አዲስ አይላክም። እጇን እየታጠበች፣ "እሺ" አለች። አሁን በየሳምንቱ ባዶ ብልቃጥ በካርቶን ሆኖ በአውቶቡስ አናት ላይ ይመጣል፤ ቀቅለን እንሞላዋለን።

የራሳችን ዛፍ አልበቃ ብሎ ከመስቃን ገበሬዎች ነጋዴው የሚተወውን ፍሬ እንገዛለን። ከእኛ ጋር የሚሠሩት ሴቶች አሥር አልፈዋል፤ ቅጠልና ቃጫ የሚያመጡልን ሌላ ናቸው። አብዱልሃፊዝ ባለፈው ሳምንት ድንበራችን ላይ ቆሞ ዛፎቹን ሲያይ ቆየና፣ የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ የት እንደሚገኝ ጠየቀኝ። እኔው ወስጄ አስገዛሁት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዛፎቹ አይቆረጡም። ፈቃድህን ልጠይቅህ አልጻፍኩም፤ ደስ እንዲልህ ነው የጻፍኩት። ያንን አንድ ዓመት ባትሰጠኝ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበርና ድርሻህ ትልቅ ነው፤ አላህ ይስጥልኝ።

ለሳሌሃ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላክሁላት ቅባት የራሷ ነው፣ ለጎረቤት ከማካፈሏ በፊት ትቀባው። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ሙስተፋ እያፈረ ሰላም ብሎሃል። ሩቲና ካሳሁን ሰላም ይላሉ። እናታችን ደግሞ ዱዓዋ አይለይህም፤ ለአገርህ ያብቃህ ትላለች። ስትመጣ ግቢው ስለተለወጠ እንዳትደናገር፤ ከመናኸሪያው እንደወረድክ "የአሚኔ ቅባት የት ነው?" ብለህ ያገኘኸውን ሰው ጠይቅ። በእናታችን ስም ነው የሰየምነው። ቡታጅራ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ እጅህን ይዞ ያመጣሃል።

እህትህ ፈትሂያ
ቡታጅራ፣ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.